የሐጃ ሱዓድ ጃኩዚ

እሑድ

ዛሬም «ባሽሙሐንዲስ» የተባለው እሱ ነው። እኔ የመብራት መለኪያ መልቲሜትሬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ አጠገቡ ቆሜያለሁ። ሐጃ ሱዓድ ግን እኔን አልፈው ቀጥ ብለው ወደ ሥራ ባልደረባዬ ወደ መላኩ ሄዱና «ባሽሙሐንዲስ፣ ይሄ ነገር ይሠራል ወይስ የፍየል ማጠጫ ላድርገው?» አሉት። ባሽሙሐንዲስ እዚህ አገር የመሐንዲስ ማዕረግ ነው። መላኩ ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው ነው። በኤሌክትሪክ የተመረቅሁት እኔ ነኝ። እኔን ያሉኝ «ያ ወለዲ፣ ልጄ፣ በሩን ዝጋው፣ ድመት ይገባል» ነው።

ዘጋሁት።

ቤቱ ዐማራት ሰፈር ነው፤ ትልቅ አሮጌ ቪላ። ሐጃ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ሐኪሙ ሙቅ ውሃ ውስጥ ይቀመጡ ስላላቸው ውጭ አገር ያሉት ልጆቻቸው ጃኩዚ ገዝተው ላኩላቸው። ጓሮ፣ ሎሚው ዛፍ ሥር ተቀምጧል። «በካርቱም ፀሐይ ሙቅ ውሃ የገዛች እብድ እኔ ብቻ ነኝ» እያሉ ራሳቸው ይስቃሉ። ችግሩ ይሄ ነው፦ ሲያበሩት ይነሣል፣ አረፋው ይፍለቀለቃል፣ ውሃው ለብ ማለት ሲጀምር ጧ! ብሬከሩ ይወርዳል።

የመላኩ ምርመራ፦ እጁን ገንዳው ላይ አሳረፈ፣ አሸተተ፣ ከዚያ ከጥበቃው ከአደም ጋር ተቀምጦ ሻይ ጠጣ።

የኔ ምርመራ፦ የሚጠረጠሩትን በወረቀት ጻፍሁ። ሂተር። ፓምፕ። አየር መንፊያ። ገመድ። ራሱ ብሬከሩ።

አሠሪያችን ኡስታ ዑስማን (ኡስታ የባለሙያ ማዕረግ ነው፤ ዴም ሰፈር ውስጥ የኤሌክትሪክ ሱቅ አላቸው) ወረቀቴን ወስደው ገልብጠው አዩትና መለሱልኝ። ስንመለስ መኪናቸው ውስጥ ያሉት ነገር ነው ከዚያ ወዲህ ከጭንቅላቴ አልወጣ ያለው። «ጀብራ ሰፈር ያለው ሕንፃ ሊጀመር ነው። ቋሚ ሰው እፈልጋለሁ። ኢቃማ ላወጣ የምችለው ግን ለአንዳችሁ ነው። ጃኩዚውን ጨርሱና እወስናለሁ፣ ኢንሻላህ።»

ኢቃማ! የመኖሪያ ወረቀት። ፖሊስ ባየሁ ቁጥር ረክሻ (ባጃጅ) ውስጥ አንገቴን ስልኬ ላይ መድፋት ቀረ ማለት ነው። ጠዋት ጠዋት መንገድ ዳር ቆሞ «ዛሬ ሥራ አለ?» ማለት ቀረ ማለት ነው። ሰባት ወር ሙሉ የጠበቅሁት ይሄንን ነው።

መላኩ ዐሥራ አንድ ዓመት ያለ ወረቀት ኖሯል። ለምዶታል። እኔ ልለምደው አልፈልግም።

ክፉ ነገር ጻፍሁ። ይቀመጥ።

ሰኞ

ሂተሩ ነው! ሂተሩ ነው! ሂተሩ ነው!

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ጀምሬ አንድ በአንድ ነቀልኋቸው። ፓምፑን ነቅዬ አበራሁ፤ ወረደ። መንፊያውን ነቅዬ አበራሁ፤ ወረደ። ሂተሩን ነቅዬ አበራሁ፤ አልወረደም። ሩብ ሰዓት ጠበቅሁ፤ ምንም የለም። ሂተሩን አውጥቼ ለካሁት፤ ውስጡ ያለው ሽቦ ከብረቱ ጋር ተነካክቷል። ሲሞቅ ወደ ውሃው ያፈሳል፣ ብሬከሩም ደንግጦ ይወርዳል። ልክ መምህራችን እንዳስተማሩን።

ለሐጃ ማስረዳት ነበረብኝ። ቀስ ብለው ሲነግሩኝ እሰማለሁ፤ ለመናገር ግን የኔ ዐረብኛ ዳቦ ይገዛል፣ ረክሻ ያስቆማል፤ ከዚያ አይዘልም። ስለዚህ ለመላኩ በአማርኛ ነገርሁት፣ መላኩ ለሐጃ በዐረብኛ ነገራቸው። ከኔ አፍ እንደ ዕውቀት የወጣው ከሱ አፍ እንደ ጨዋታ ወጣ። ሐጃ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ሂተሩን እየጠቆመ በጥድፊያ ምን እንዳለ እንጃ። መጨረሻ ላይ ብቻ የገባኝ አንድ ቃል አለ፦ «አገኘነው።»

አገኘነው? ማንና ማን?

«ባራከላህ ፊክ፣ ይባርክህ፣ ባሽሙሐንዲስ» ብለው አንድ ሳህን ቴምር ሰጡት። ግማሹን ለኔ አካፈለኝ። «ብላ እንጂ ኢዮባ፣ ፊትህ እንደ ጃኩዚው ሊፈላ ነው» አለኝ። በላሁ። ቴምሩ ጣፋጭ ነበር፤ እሱም አናደደኝ።

መላኩ ያለው፣ እኔ የሌለኝ፦
ዐረብኛ።
ገመድ ሲይዝ የማትፈራ እጅ።
ከሚኒባስ ረዳት እስከ ዶክተር ድረስ ሁሉንም በስም ማወቅ።
ሳቅ። ሰው እሱ ሲስቅ ሳያውቅ ይስቃል።
ጢሙ እንኳን ሞልቶ የበቀለ ነው።

እኔ ያለኝ፣ እሱ የሌለው፦
ዲግሪ።

ዝርዝሩ አጭር ሆነ።

ማክሰኞ

አዲሱን ሂተር ገጠምን። ከቀትር በፊት አበራነው፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ሠራ። ሐጃ እጃቸውን ነክረው እልል አሉ። ኡስታ እኔን አይተው ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ለኔ ነው! ዓይናቸው እኔ ላይ ነበር፣ አይቻለሁ። ምሳዬን እንደ ባለ ሥልጣን ቀስ ብዬ በላሁ።

ዐሥር ሰዓት ላይ ጧ! ወረደ።

እንደገና ለካሁ። ሂተሩ ደህና ነው። ፓምፑ ደህና ነው። ብሬከሩን ቀየርሁት፤ ወረደ። ላቤ ሜትሩ ላይ ይንጠባጠባል። ሐጃ ወንበራቸውን ይዘው ወደ ቤት ገቡ። ቢናገሩ ይሻለኝ ነበር።

መላኩ ምን አደረገ? ወደ አደም ሄደ። ተነጋገሩ፣ ተሳሳቁ። ከዚያ ተመልሶ ሎሚው ሥር ተንበረከከና በእጁ መቆፈር ጀመረ። አንድ ክንድ ሳይወርድ ገመዱን አገኘው፤ ተቆርጦ የተቀጠለ፣ በፌስታል የተጠቀለለ፣ ጭቃ ውስጥ የተኛ። ጃኩዚው መብራት የሚያገኘው ከጥበቃው ክፍል በዚህ ገመድ ነው። አደም ሎሚውን የሚያጠጣው በየቀኑ ዐሥር ሰዓት ላይ ነው። አፈሩ ሲርስ ብሬከሩ ይወርዳል። አለቀ።

በሻይ ነው ያገኘው! እኔ ዐምስት ዓመት ተምሬ ያላገኘሁትን በአንድ ብርጭቆ ሻይ!

«ሂተሩም እውነት ነበር፣ ገመዱም እውነት ነው» አለኝ እጁን እየታጠበ። «ሁለት በሽታ ነው የነበረበት። አንዱን አንተ፣ አንዱን እኔ።» ሊያጽናናኝ ነው። ማን አጽናናኝ አለው? ኡስታ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። ሁለት ጊዜ። ቆጠርሁ።

ውሳኔው፦ የድሮው ገመድ ይቅር፤ አዲስ ገመድ ከቤቱ ዋና ሳጥን እንስብ። ኡስታ «ዋናው ሳጥን የመላኩ ሥራ ነው» አሉ። ነገ ጠዋት ግን መላኩን ጀብራ ልከውታል፣ ቀትር ላይ ነው የሚመጣው። የኪራይ ክፍላችን በር ላይ ጫማውን እያወለቀ «ገመዱን ዘርጋው፤ ሳጥኑን ግን እኔ ሳልመጣ እንዳትነካ። የድሮ ቤት ነው» አለኝ።

እሺ አልሁት። እንዳልነካ የፈለገበት ምክንያት ግን ገብቶኛል። የመጨረሻዋን ብሎን የሚያጠብቀው እሱ እንዲሆን ነው። የሚጨበጨበው ለመጨረሻዋ ብሎን ነዋ።

ረቡዕ

የዛሬውን ሁሉ በተራው ልጻፍ።

ገመዱን ዘርግቼ ስጨርስ ገና አራት ሰዓት ነው። አደም ተኝቷል። ሐጃ ጓሮ ናቸው። ዋናው ሳጥን ኮሪደሩ ውስጥ ፊት ለፊቴ ነው። መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም። መብራት ከሌለ ምን አደጋ አለ? ከፈትሁት።

ውስጡ የአሮጌ ሰው መዳፍ ይመስላል። ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ ጥቁር፤ ሁሉም ፕላስተር በፕላስተር። መብራት ስለሌለ መለካት አይቻልም። ታዲያ መልኩን ማየት ነው። ዩኒቨርሲቲ የተማርሁት ግልጽ ነው፦ ሰማያዊ ኒውትራል፣ ማለት የመመለሻው ሽቦ ነው፤ ጥቁር ከፌዞቹ፣ መብራት ከሚያመጡት ሦስት ሽቦዎች፣ አንዱ ነው። የኔ አዲስ ገመድም ቡናማና ሰማያዊ ነው። ቡናማውን ከቀዩ ጋር፣ ሰማያዊውን ከሰማያዊው ጋር። አሠርሁት። ቆንጆ አድርጌ፣ እንደ ፈተና።

ከዚያ ያደረግሁት ነው የሚብሰው። ብሬከሩን አውርጄ መብራት ሲመጣ መለካት ነበረብኝ። አላወረድሁትም። መብራት ሲመጣ ጃኩዚው በራሱ ጊዜ፣ በሐጃ ፊት፣ መላኩ ከመድረሱ በፊት እንዲነሣ ፈለግሁ። ሐጃ ጫማቸውን አውልቀው ጫፉ ላይ ተቀምጠዋል። «ልግባ?» አሉኝ። በምልክት «እስኪሞቅ» አልኋቸው።

መላኩ ቦርሳውን ይዞ በውጭው በር ሲገባ ከጎረቤት «ካህረባ! ካህረባ ጃት!» የሚል ጩኸት ሰማሁ። መብራት መጣ። ጃኩዚው አንድ ጊዜ አቃሰተ። ከዚያ ጷ! ነጭ ጭስ፣ የፕላስቲክ ሽታ። ሐጃ «ያ ሰላም!» ብለው ወደ ኋላ።

መላኩ ቦርሳውን ጥሎ ወደ ኮሪደሩ ሮጠ፣ ዋናውን አጠፋ። ስደርስ ሳጥኑን ከፍቶ ሰማያዊውን ያያል። ተስተሩን፣ ያቺን የመብራት መፈተሻ፣ አውጥቶ ዋናውን መለሰና ጫፏን ሰማያዊው ላይ አስነካት። በራች። ጥቁሩ ላይ አስነካት። አልበራችም።

«በዚህ አገር አሮጌ ቤት ሰማያዊ ሦስተኛው ፌዝ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ኒውትራሉ ጥቁሩ ነው።»

ሁለት መቶ ሠላሳ ቮልት ለሚችለው የጃኩዚው መቆጣጠሪያ ቦርድ አራት መቶ አጠጥቼዋለሁ። ሴትዮዋ ደግሞ አጠገቡ ባዶ እግራቸውን ተቀምጠው ነበር። «እስኪሞቅ» ባልላቸውስ ኖሮ?

ኡስታ ከሰዓት በኋላ መጡ። የተቃጠለውን ቦርድ አዩ፣ ሳጥኑን አዩ። ሳጥኑ የማን ሥራ እንደሆነ ስለሚያውቁ ወደ መላኩ ዞሩ። «አንተ? ዐሥራ አንድ ዓመት ከኔ ጋር ሠርተህ ሰማያዊና ጥቁር አምታታህ?»

መላኩ አየኝ። ጠበቀኝ። እኔ የሜትሩን ገመድ መጠቅለል ጀመርሁ። ጠቀለልሁ፣ ፈታሁ፣ ጠቀለልሁ።

«ቦርዱ ይቀየራል ኡስታ» አለ መላኩ።

እኔ ሜትሬን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁ።

ሐሙስ

ጠዋት ኡስታ ሱቅ ጠሩኝ። «ወረቀቱ ላንተ ነው» አሉ። «ቢያንስ ያነበበ ሰው አይሳሳትም። ቅዳሜ አራት ፎቶ ይዘህ ና።»

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ብሎኛልም። ዴም ገበያ ድረስ እየሮጥሁ ነው የሄድሁት። እናቴ ጋ ደወልሁ፤ ኮምቦልቻ ላይ እልል ስትል የጎረቤት ሴት «ምን ተገኘ?» ስትል ሰማሁ። «ልጄ ወረቀት አገኘ!» አለቻት። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ሰፈሩ ሁሉ አወቀ።

ከዚያ ወደ ክፍላችን ተመለስሁ። መላኩ ፉል እየቀቀለ ነው።

«መብሩክ፣ እንኳን ደስ ያለህ» አለኝ። ወሬው ቀድሞኝ ደርሶታል። ፊቱን ፈለግሁት፣ ቁጣ ፈለግሁበት። ልክ እንደ ሰኞ ዕለት ነው።

«ለምን አልተናገርህም?» አልሁት። ጥፋቱ የሱ ይመስል ጮህሁበት።

«ምን ብዬ?»

«እኔ ነኝ ያቃጠልሁት ብለህ!»

«አንተ ነህ እንዴ?» አለና ፉሉን አማሰለ። «እኔ በመጀመሪያው ዓመት የአንድ ዶክተር ፍሪጅ በዚሁ በሰማያዊው አቃጥያለሁ። ቤቱ ሙሉ ዓሣ ሸተተ። ማንም ሐበሻ ሲመጣ ይሄንን ሳያቃጥል አይማረውም። ሳጥኑን ሳልመጣ አትንካ ያልሁህ ለዚህ ነበር። ምክንያቱን ግን አልነገርሁህም፤ እሱ የኔ ጥፋት ነው።»

«ወረቀቱስ?»

ማማሰሉን አቆመ። «ወረቀቱን እፈልገው ነበር ኢዮብ። አባቴ ሲሞት ድንበር መሻገር ፈርቼ አልቀበርሁትም። ወረቀት ቢኖረኝ ሄጄ እመለስ ነበር። ግን በሰው ላይ ተናግሬ አላገኘውም። ብላ፣ ይቀዘቅዛል።»

ቢሰድበኝ፣ ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። በዐረብኛው ቀንቼበት፣ በእጁ ቀንቼበት፣ በሳቁ ቀንቼበት፣ አሁን ደግሞ በልቡ ቀናሁበት። ይሄኛው ከሁሉም ይብሳል። ዐረብኛ ይለመዳል።

ዓርብ

ሥራ የለም። ቤተ ክርስቲያን ሄድሁ። እሑድ የሥራ ቀን ስለሆነ ብዙዎቻችን የምንገናኘው ዓርብ ነው። ቄሱ የሰበኩትን አልሰማሁም። ከኋላ ቆሜ ፊት ለፊት የቆመውን የመላኩን ጀርባ አየሁ፤ ጫማውን ሁለት አሮጊቶች ሲጠብቁለት አየሁ። የሱን ጫማ ነው የሚጠብቁት! የኔ ቢጠፋ ማን ይፈልግልኛል? ይኸው፣ ቤተ እግዚአብሔርም ውስጥ ቀናሁ።

ከዚያ ፎቶ ቤት። ለፎቶ የሚሆን ሸሚዝ የለኝም። መላኩ የሱን ነጭ ሸሚዝ ተኩሶ ሰጠኝ። «ኮሌታ ያለው ልበስ፣ ኮሌታ ከሌለው ይመልሱሃል» አለኝ። ከክፍላችን በር ላይ ጠርቶ መለሰኝና የላይኛውን ቁልፍ ቆለፈልኝ።

ፎቶ አንሺው «ቀና በል» አለኝ። ቀና አልሁ። «ዐይንህን ወደዚህ።» አዞርሁ። «ምን ሆነሃል፣ ሰው ሞቶብሃል?» አለኝ።

አራት ፎቶ። አራቱም ላይ ሸሚዙ ከኔ ይሰፋል።

ቅዳሜ

ነገርኋቸው።

ሱቅ ስደርስ ሁለት ደንበኞች ነበሩ፤ አምፖል እየመረጡ። እስኪወጡ ልጠብቅ ብዬ ነበር። ከጠበቅሁ እንደማልናገር አወቅሁ። ፎቶዎቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁና በዚያች በተሰባበረች ዐረብኛዬ «ኡስታ፣ ሰማያዊው እኔ። መላኩ አይደለም። መላኩ አትንካ አለ። እኔ ነካሁ» አልኋቸው። አንደኛው ደንበኛ አምፖሉን እንደያዘ ቀረ።

ኡስታ መነጽራቸውን አወለቁ። ብዙ ነገር ተናገሩ፤ ግማሹ አልገባኝም፣ የገባኝ ግማሽ ይበቃል። ሐጃ ሱዓድን እናታቸው እንደሆኑ አድርገው ጠሯቸው። «እግሯ ውሃው ውስጥ ቢሆን ኖሮስ?» አሉ። «ስለ ቦርዱ ሳይሆን ስለ እግሯ ነው የምጠይቅህ!» ቀጥለው «ሦስት ቀን!» አሉ ሦስት ጣት እያሳዩ። «ሦስት ቀን ያንን ሰው ሰላም ሳልለው አለፍሁ!»

ዐይኔን አራቱ ፎቶ ላይ ተከልሁ።

ፎቶዎቹን ወደኔ ገፉ። «ወረቀቱ የመላኩ ነው» አሉ። ከዚያ ከሥር አንድ ካርቶን አውጥተው ወረወሩልኝ፤ ከተሰበረ ጃኩዚ የተነቀለ፣ ያገለገለ ግን ደህና ቦርድ። «ያላ፣ በል። ነገ አንተ ትገጥመዋለህ። እኔ ቆሜ።»

አላባረሩኝም። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ አልጠየቅሁም።

እናቴ ሁለት ጊዜ ደውላ ነበር። አላነሣሁም።

እሑድ

ዛሬ የነካሁትን ሁሉ ሁለት ጊዜ ለካሁ፤ አንድ ጊዜ በሜትሩ፣ አንድ ጊዜ በተስተር። ኡስታ እንዳሉትም ከኋላዬ ቆመው ነበር። ቡናማ ከቀይ። ሰማያዊ ከጥቁር። እጄ አልወደደውም፣ ግን አሠረው። ሽፋኑ ላይ «ጥቁር = ኒውትራል» ብዬ በማርከር በትልቁ ጻፍሁ፤ መላኩ ከሥሩ በዐረብኛ እንዲጽፍ ብሰጠው ሳቀ። በዐረብኛ መናገር እንጂ መጻፍ እንደማይችል ያወቅሁት ዛሬ ነው። ኡስታ ጻፉት።

ብሬከሩን ያነሣሁት እኔ ነኝ። ዐሥር ሰዓት ላይ አደም ሎሚውን አጠጣ። ሁላችንም ብሬከሩን እናያለን። አልወረደም። ሐጃ ቀሚሳቸውን ሰብስበው እግራቸውን እስከ ጉልበት ነከሩና ዐይናቸውን ጨፈኑ። ማንንም በማዕረግ አልጠሩም። ብቻ «አህ» አሉ።

ክፍላችን ስንመለስ መላኩ የኢቃማውን ፎርም ዘረጋው። በዐረብኛና በእንግሊዝኛ ነው። «አንተ ሙላልኝ» አለኝ። «አንተ ታነባለህ።»

ሞላሁት። ስም። የአባት ስም። የትውልድ ቦታ። ለራሴ ልሞላው አስቤ የተለማመድሁበት እጅ ጽሕፈት ነው። ሙያ የሚለው ጋ ስደርስ «ሠራተኛ በል» አለኝ። «የኤሌክትሪክ ባለሙያ» ብዬ ጻፍሁ። ምን እንደጻፍሁ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርሁትም። ቀንቻለሁ? አዎ። ፎቶውን ስለጥፍለት ደግሞ ቀናሁ። ግን ቀጥ አድርጌ ለጠፍሁት።

ኡስታ ቢበላሽ ብለው ሁለት ፎርም ነው የሰጡት። አንዱን አላበላሸሁትም። ሌላው ባዶውን ተርፏል። መላኩ ምን ይደረግ አላለም፣ እኔም አልጣልሁትም። ይኸው፣ ይሄን የምጽፈው እሱን ከደብተሬ ሥር አንጥፌ ነው።

ነገ ጀብራ ልወርድ ነው፤ ለቀን ሥራ፣ ገመድ ሊጎተት። ከዚያ በፊት እናቴ ጋ እደውላለሁ። ምን እንደምላት ገና አላውቅም።